የተዘቀዘቀችው አበባ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ የጎናቸውን ወጣት ሴት ስልክ እያዩ ነበር።

«የቤት ፊት ብቻ ነው ፎቶ የምታነሽው?»

«አዎ አባባ፣ ጌጥ ያላቸውን የድሮ ቤቶች።»

«እስቲ ይችን አጉይልኝ። በረንዳው ላይ ያሉትን የእንጨት አበቦች።»

«አንዷ ተዘቅዝቃለች፣ አዩዋት? ትርጉሟን ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ።»

«ትርጉም የላትም። እኔው ነኝ የቸነከርኋት።»

«እርስዎ?»

«መሰላል ላይ ሳለሁ፣ ሚስትህን ምጥ ያዛት ብለው ጠሩኝ። እንደነገሩ መትቻት ሮጥሁ።»

«ኋላስ ለምን አላስተካከሏትም?»

«በዚያ ባለፍሁ ቁጥር የሴት ልጄን መወለድ ታስታውሰኛለች፤ ተውኋት።»

«ልጅዎ ታውቃለች?»

«አልነገርኋትም። አሁን እሷን ልጠይቅ ነው የምሄድ። ፎቶውን በስልኬ ላኪልኝማ።»

እኔም አበባዋን ከወጣቷ ስልክ ላይ አያለሁ ብዬ፣ እንጅባራ እስክንደርስ አንገቴን እንዳሰገግሁ ቀረሁ።