እትዬ ታፈሱ

በኛ ጊዜ፣ ማለቴ እዚህ ሲያትል ገና ጥቂት ሆነን ሳለን፣ የሐበሻ ወንድ ሥራው ወይ ታክሲ ነው ወይ ፓርኪንግ ነው። እኔ ፓርኪንግ ነበርኩ፣ ካፒቶል ሂል የሚሉት ሰፈር። ቁም ሳጥን የምታክል የመስታወት ቤት ውስጥ ትቀመጣለህ፣ መኪና ሲመጣ ትቀበላለህ፣ ሳይመጣ ዝናቡን ታያለህ፣ በቃ። ታዲያ ልጆች፣ እንዳትስቁብኝ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥልፍ እጠልፍ ነበር።

ይኸው ሳቃችሁ! አውቄ ነው።

እናቴ ናት ያስተማረችኝ። የሰው ቀሚስ እየጠለፈች ነው ያሳደገችን፤ ሴት ልጅ የላትም፣ ዓይኗ ሲደክም «ና ክር አስገባልኝ» ትለኛለች፤ እና ክር ማስገባቱ ቀስ በቀስ መጥለፍ ሆነ። ታዲያ ሰው በር ሲያንኳኳ «ጣለው! ጣለው! ደብተርህን ያዝ!» ትለኛለች። እናም እኔ መጥለፍንና ማፈርን አብሬ ነው የተማርኩት።

ባለቤቴ የሺ ያን ጊዜ አገር ቤት ሆና ቪዛ ትጠብቃለች። ስትመጣ በእጄ የሠራሁት የአልጋ ልብስ ይጠብቃት ብዬ ነጭ ጨርቅ ገዛሁ። ከመስታወት ቤቴ ፊት ለፊት አንድ ዛፍ ነበረ፣ ቼሪ ነው ይሉታል። የኛ ባሕር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው አይደል? ይሄ ግን ጉደኛ ነው! በመኸር ቅጠሉ እሳት መስሎ ይቀላል፤ በቀይና በብርቱካን ክር አንዱን ማዕዘን ጠለፍኩ። ብርዱ ሲገባ ራቁቱን ይቀራል፤ በአመድማ ክር ቅርንጫፉን ብቻ ጠለፍኩ። ከዚያ ያ የሞተ የመሰለ እንጨት ጸደይ ሲመጣ ሮዝ አበባ ለብሶ ቁጭ! ሲረግፍ ደግሞ የመኪናውን ጣራ ሁሉ ያለብሰዋል። እሱን አበባ ስንቴ ተርትሬ እንደገና እንደጀመርኩት አትጠይቁኝ።

መኪና ሲመጣ ታዲያ ጨርቁን ከእግሬ ሥር ሸጎጥ አደርጋለሁ። ፈረንጆቹን ግድ የለኝም፣ የምፈራው የኛን ሰው ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው መኪና መምጣቱን አልሰማሁም፣ ቀና ስል ደምሴ! ደምሴ ወዳጄ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ አፉ ግን አያርፍም።

«እንዴ ታፈሰ! ምንድን ነው የያዝከው?»

«የ… የሰው ነው።»

«መርፌውም የሰው ነው?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

በሳምንቱ ሐበሻው ሁሉ ሰማ። «እትዬ ታፈሱ፣ እንደምን ዋሉ?» ይሉኛል። እኔስ? አብሬ ሳቅሁ። አብሬ! ቤቴ ስገባ ግን ፊቴ ይነድዳል። ጨርቁን ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው አነሳሁት፣ እጄ እምቢ አለ። የቀረኝ የበጋው አረንጓዴ ነበር፤ ፓርኪንግ ይዤው መሄድ አፍሬ ዛፉን በልቤ ይዤ ቤቴ ጨረስኩት።

ከዚያ የሺ መጣች። አልጋው ላይ ስታየው «ውይ! ከየት ገዛኸው?» አለች። እና እኔ ምን አልኩ? «ከሱቅ።»

ሰዎች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት ተሰበሰቡ፣ ደምሴም ከነሚስቱ። የሺ ደስ ብሏት ጨርቁን አወጣችው፤ «ኑ እዩልኝ፣ ባሌ የገዛልኝን!»

ደምሴ ዝም ይላል? «ገዛ? ኧረ ራሱ ነው የጠለፈው! እትዬ ታፈሱ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምንጣፉን አያለሁ። የሺ ጨርቁን አጥፋ መኝታ ቤት አስገባችና ምግብ ማቅረብ ጀመረች። ገና ከመምጣቷ በሰው ፊት አዋረድኳት አልኩ በልቤ።

እንግዶቹ ሲሄዱ «አንተ ነህ የጠለፍከው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«አፍሬ ነዋ።»

«እኔም ዛሬ አፈርኩ» አለች። በጥልፉ መሰለኝ። «ሲስቁብህ አንገትህን በመድፋትህ አፈርኩ። ለኔ የሠራኸውን የሰው አስመሰልከው።»

ምን ልበላት?

እሁድ ፌደራል ዌይ የሚባለው ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ሄድን። ከጸሎት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችውና ጮክ ብላ «ባለቤቴ ታፈሰ በእጁ የጠለፈልኝ ነው!» አለች። እኔ? ሮጥኩ! እውነቴን ነው፣ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተደበቅሁ፣ በዚያ ዕድሜዬ።

ጥቂት ቆይቶ መስታወቱ ተንኳኳ። ደምሴ ነው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«ና ግባ፣ ሴቶቹ ይፈልጉሃል።»

«ሊስቁብኝ ነው?»

«ባንተ ማን ይስቃል! ሚስቴ በሰው ሁሉ ፊት ‹አንተስ ለኔ ምን ሠርተህልኝ ታውቃለህ?› አለችኝ። ምን ልበላት ታፈሰ? እስቲ ንገረኝ፣ ምን ልበላት?»

ገባሁ። ሴቶቹ አበባውን ከበው «ጋሼ፣ ይቺን ርጋፊ እንዴት አደረጓት?» ይሉኛል። አንዷ መርፌና ክር ሰጠችኝ። ሰው እያየኝ ስጠልፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ክሩ እምቢ ይላል፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ግን ጠለፍኩ።

— ጋሼ፣ አሁንስ ያፍራሉ?

አፍራለሁ እንጂ! አሁን ስነግራችሁ እንኳ ጆሮዬ ግሏል፣ ነይ ንኪው። በልጅነት የገባ እፍረት እንዲህ በቀላሉ የሚወጣ እንዳይመስልሽ። እያፈርኩም ግን እጠልፋለሁ፤ የሺ አሁን ደግሞ መጋረጃ ጥለፍልኝ ብላኛለች። (ሳቅ)