አኩርፌ ያለፍኩት ውሃ

በእኛ ጊዜ ስላችሁ ጥንት እንዳይመስላችሁ፣ ያለፈው ዊንተር፣ የብርዱ ጊዜ ነው፣ ግን እኔ ከዚያ ጠዋት በፊት ያለውን ሁሉ ድሮ ነው የምለው። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ያለውን ቤቴን ታውቁታላችሁ አይደል? በሬን ስከፍት ፊት ለፊት ትምህርት ቤት ነው፣ መሃል ላይ መንገዱ ብቻ ነው ያለው። በግራ ጎረቤቴ ተፈራ ነው፣ በዲቪ የመጣ፣ ካዚኖ ውስጥ የሌሊት ሺፍት የሚሠራ፤ በቀኝ ማሪያ አለች፣ ሜክሲኳዊቷ። ከማሪያ ጋር በእጅና በፈገግታ ነው የምንግባባው፣ ከተፈራ ጋር ደግሞ በአማርኛ ነው የምንጣላው።

ምን አጣላችሁ አትሉኝም? መኪና። ሰውዬው በሬ ላይ ፓርክ ያደርጋል። እና አንድ እሑድ እንግዶቹ ባሉበት "ተፈራ ልጄ፣ መውጫዬን ዘጋህብኝ እኮ" ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እማማ፣ እርስዎ እኮ መኪና የለዎትም፣ በምን ሊወጡ ነው?" እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ በዚህ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድቼ ጡረታ የወጣሁ ሴትዮ መሳቂያ ሆንኩ! አኮረፍኩ። እኔ ሳኮርፍ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ሰላምታ እንኳ አላስተርፍም።

ታዲያ በሦስተኛው ሳምንት፣ አመሻሽ ላይ ቆሻሻ ልጥል ብወጣ የተፈራ ስፕሪንክለር፣ ያቺ ሣር የምታጠጣዋ፣ አንገቷ ተሰብሮ ውሃው ይንዶለዶላል። የእግረኛውን መንገድ አልፎ አስፋልቱ ላይ ወርዶ ልክ ልጆቹ የሚሻገሩበት ጋ ተኝቷል። ስልኬ ደግሞ ዛሬ ሌሊት ፍሪዝ ያደርጋል፣ ውሃ ይረጋል ብሎኛል። ተፈራ ገና ሺፍት አልገባም ነበር፣ የሳሎኑ መብራት ይታየኛል። አየሁት። ስሙኝ፣ ውሃውን አየሁት ነው የምላችሁ! እና ምን አደረግኩ? "መኪና ያለው ሰው ይጨነቅበት" አልኩና በሬን ዘግቼ ገባሁ።

ጠዋት ስወጣ መንገዱ ያብረቀርቃል። እርጥብ ነው ብዬ አንድ እግሬን ባሳርፍ፣ እግሬ ጥሎኝ ሄደ፤ የፖስታ ሳጥኑን አቅፌ ነው የተረፍኩት። የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ተፈራ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። ሚስቱ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ጎህ ሳይቀድ ገብታለች። ልጃቸው ሶሊያና፣ የስምንት ዓመቷ፣ ጠዋት ጠዋት ማሪያ ቤት ቆይታ ከማሪያ ሁለት ልጆች ጋር ነው የምትሻገረው። እና ማሪያን ልጥራ ስል የማሪያ በር ተከፈተ፣ ሦስቱም ልጆች ወጡ።

በድንጋጤ እንግሊዝኛው ከአፌ ጠፋ። "በረዶ! ሶሊያና፣ በረዶ!" ብዬ ጮህኩ። ተጠንቀቂ ማለቴ ነው እኮ! ለእኛ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ መሬት ላይ የረጋውም ያው በረዶ ነው። እሷ ግን ቬጋስ የተወለደች ልጅ፣ በረዶ ስትባል የምታውቀው በቴሌቪዥን ያየችውን ነጩን፣ ልጆች የሚወራወሩበትን ነው። ዓይኗ በራ። "ስኖው! እማማ ስኖው አለ አለች!" እርስዎ የሚባል ነገር እንደሁ አታውቅም። እና ሦስቱም "ስኖው! ስኖው!" እያሉ ወደ መንገዱ ሮጡ። በገዛ አፌ ጠራኋቸው፣ ይታያችሁ!

"ቁሚ! ሶሊያና ቁሚ!" ማን ሰምቶኝ። ማሪያ በፒጃማዋ ወጥታ የራሷን ልጆች በቦርሳቸው ጎትታ ያዘች። ሶሊያና ግን አስፋልቱ መሃል ደርሳ ዷ ብላ ወደቀች። ልትነሳ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች፣ ደግሞ እየሳቀች ነው። በዚህ መሃል ከማዕዘኑ መኪና ታጠፈ።

የማን መኪና? የተፈራ! ከሺፍት መመለሱ ነው። እኛን ሲያይ ፍሬን ያዘ፣ ፍሬን ሲይዝ ጭራሽ ባሰበት፣ መኪናዋ በጎኗ ዞረች። ጎማው አይሽከረከርም፣ ግን ትመጣለች። ፊቱ ይታየኛል፣ መሪውን ጨብጦ አፉን ከፍቶ የገዛ ልጁ ላይ እየመጣ ነው። እኔ በቂጤ ተቀመጥኩ፣ አዎ በቂጤ፣ መሬቱን በእጄ እየገፋሁ ተንሸራትቼ ደረስኩባትና አቅፌያት ዓይኔን ጨፈንኩ። ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም። የመጣልኝ "አይቼው ነበር፣ አይቼው ነበር" የሚል ብቻ ነው።

ጓ! አለ። ዓይኔን ስገልጥ መኪናዋ የማሪያን የቆሻሻ በርሜል ጨፍልቃ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆማለች። ከእኛ እስከ ጎማው ይህቺን የተቀመጣችሁባትን ሶፋ አይሞላም።

ተፈራ ወርዶ ሊሮጥ ሲል ወደቀ፣ እየዳኸ መጥቶ ልጁን ደረቱ ላይ ለጠፋት። እሷ "ዳዲ፣ ስኖው የታለ?" ትለዋለች። ታዲያ የምናለቅስበት ጊዜ የት አለና፣ ሌሎቹ ልጆች በየአቅጣጫው እየመጡ ነው። ማሪያ ለድመቷ መጸዳጃ የምትገዛውን አሸዋ በከረጢቱ አመጣች፣ እኔ ወጥ ቤቴ ያለውን ጨው ሁሉ አወጣሁ። ተፈራ ውሃውን ዘጋና ማዕዘኑ ላይ ቆሞ በጃኬቱ እያውለበለበ መኪና ይመልሳል። በበተንነው ላይ ልጆቹን እጃቸውን እየያዝን አንድ በአንድ አሻገርናቸው።

ከዚያ ተፈራ መጣ። "እማማ፣ ውሃው እኮ የእኔ ነው። የገዛ ልጄን ልገድላት ነበር" ብሎ አለቀሰ። ዝም ብል ያልፍ ነበር፣ ማን ያውቅብኛል? አልቻልኩም።

"ማታ አይቼው ነበር" አልኩት።

"አዩት?"

"አየሁት።"

"እቤት ነበርኩ እኮ እማማ! ለምን አላንኳኩም?"

"አኩርፌህ" አልኩት።

ልጆቼ፣ አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትልቅ ነገር አድርጌ ይዣት የዞርኳት ኩርፊያ፣ ከአፌ ስትወጣ ይህቺን ታክል ሆነች። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ "እኔም ሰው ፊት አስቄብዎት ነበር" አለኝ።

— እና እማማ፣ ከዚያ ወዲህ ማኩረፍ ተዉ ማለት ነው?

ማን? እኔ? (ሳቅ) ባለፈው ሳምንት ራሱ አኩርፌዋለሁ! ግን አሁን ነገር ካየሁ መጀመሪያ ሄጄ አንኳኳለሁ፣ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እንደ ልቤ አኮርፋለሁ።