የሁለቱ ሻጮች እንቁላል

አካም ቡልቴ፣ ቀመሪያ? ዶሮዎችሽ እንዴት አደሩ? አይ፣ አልቀመጥም... እሺ፣ ካልሽ እቀመጣለሁ። መቼም አንቺን እምቢ ማለት አልችልበትም። የዛሬው ንፋስ ደግሞ ባሰበት! ከፖስታ ቤት እዚህ እስክደርስ የአዳማን አቧራ ግማሹን በነጠላዬ ተሸክሜ መጣሁ። ጫጩቶቹ አደጉ እኮ! ስንት ሆኑ? አራት መቶ? ማሻአላህ።

ኡበይደላ፣ አንተም ቆይ እስቲ። ክትባቱን አልፈልግም ብላ መለሰችህ? መድኃኒት አለኝ ብላ? ተዋት፣ እሷ የምታምነው ሰው ቢኖራት ነው። ያቺን የክትባት ሣጥንህን ጥላው ሥር አስቀምጣት፤ በረዶው ሳይቀልጥ የሚያልቅ ትንሽ ወሬ አለኝ።

ወሬው እንኳን ያን ያህል አይደለም። የማውቃት አንዲት ሴት አለች፣ ቀመሪያ። የኮሌጅ መምህርት ናት፤ የተማረች። በጣም የተማረች! ስሟን አልጠራም፤ ስሟ ሲጠራ ትደነግጣለች። ዓይን አፋር ናት። ዓይን አፋርነቱ ደግሞ እንዴት ያምርባታል መሰለሽ... ሌላው ሰው ገላውን ይሸፍናል፤ እሷ እውነትን እንኳን ሳትሸፍን ከቤት አታወጣም።

ይቺ ሴት ከብር መድኃኒት ሠራች። ቀለበት የሚሠራበትን ብር ነው የምልሽ። ከኒም ቅጠል ጭማቂ ጋር አዋህዳ፣ አንድ ፀጉር ውፍረቱ ሺህ ቦታ ቢከፈል የሚያህል ብናኝ አወጣችበት። ናኖ ይሉታል። ብናኙ የዶሮ ፈንግልን ቫይረስ ዙሪያውን ይዞ ወደ ዶሮዋ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋል... ተብሎ ነው። በዓይን አይታይም። የማይታይ ነገር ማመስገን ደግሞ እንዴት ይቀላል!

ታዲያ መሞከር አለበት አይደል? የሚሞከረው ጫጩት በያዘ እንቁላል ላይ ነው። ሴትዮዋ ወለንጪቲ ገበያ ሄደች። ሠላሳ ስድስት እንቁላል ነው የምትፈልገው፤ ኦብሴ የምትባል ሻጭ ሠላሳ ስድስቱንም ይዛለች። ልትገዛ ጎንበስ ስትል፣ ከኦብሴ አጠገብ የተቀመጠችው ሻጭ ቀና ብላ አየቻት። አየቻት ብቻ እኮ ነው! እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ሁሉንም ከአንዷ ወስደሽ ሌላዋን እንዲሁ ታስቀሪያለሽ? ነውር አይደለም? የኛ ደግ ሴት አሥራ ስምንቱን ከኦብሴ፣ አሥራ ስምንቱን ከጎረቤቷ ገዛች። ሁለቱም መረቋት። እንዳይደባለቁ ደግሞ ጭድ በተነጠፈበት ሁለት ዘንቢል ለያይታ ይዛ ተመለሰች። ጥንቃቄዋ!

ከዚያ ቤተ ሙከራ ገባች፤ እንቁላሎቹን ጫጩት እስኪይዙ አሞቀቻቸው። የኦብሴን እንቁላሎች ቫይረሱንም መድኃኒቱንም ወጋቻቸው፤ የጎረቤትየዋን ቫይረሱን ብቻ። ለምን እንዲያ ከፈለቻቸው? ዘንቢሉ ስለተለያየ ነዋ! ሳይንስ ሥርዓት ይወዳል። በተወጉ በአምስተኛው ቀን በመብራት ስታያቸው የኦብሴዎቹ ጫጩቶች በቅርፊታቸው ውስጥ ይንፈራገጣሉ፤ የጎረቤትየዋ አንድም ሳይቀር ሞተዋል።

ከዚያማ ምኑ ይነገራል? አዳማ ስብሰባ አይጠፋባትም፤ የእሷ ፎቶ ያለበት ባነር አዳራሽ ላይ ተሰቀለ። ፎቶው ዓይኗን ጨፍና የተነሳችው ነበር። ሌላ ይፈለግ ተብሎ አልተገኘም... እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሚመስላት ፎቶ አላየሁም። ማናሴ የሚባል ባልደረባዋ "ፈንግልን የቀበረች ሴት!" እያለ ለእንግዳ ያስተዋውቃታል። ሬዲዮም ላይ ቀረበች፤ ሰምተሻል አይደል? ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሁሉ ትሕትና ነው አለ።

በዓመቱ ወለንጪቲ ደርሳ ከኦብሴ ጋር ተገናኙ። ኦብሴ ስታጫውታት ምን አለቻት? "ያን ጊዜ ከእኔ የወሰድሽው እንቁላል ደህና ነበር አይደል? ከዚያ ከወር በፊት ዶሮዎቼን አስከትቤ ነበር። ይቺ ጎረቤቴ ግን አሻፈረኝ ብላ፣ በኋላ ፈንግል ገብቶ ጨረሰባት።" እንደ ዋዛ ነው የነገረቻት። ሴትዮዋ እዚያው ገበያው መሀል ቆማ ቀረች። የተከተበች ዶሮ መከላከያዋን በእንቁላሏ አስኳል ለጫጩቷ ታወርሳለች እኮ። የኦብሴን ጫጩቶች ያዳነው ብሩ ሳይሆን የእናቶቻቸው ክትባት ሊሆን ይችላላ! ደግሞ ይሄን ሳታውቅ ቀርታ መሰለሽ? በየዓመቱ ፈተና ላይ ታወጣዋለች! ተማሪ ሲስተው በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ነው የምታሰምርበት።

አንድ ቅዳሜ ማንም በሌለበት ሙከራውን ደገመችው። አሁን እንቁላሉ ሁሉ ከአንድ ቤት፣ ካልተከተቡ ዶሮዎች ነበር። መድኃኒቱን ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ሞተ። እኩል... ማንንም ሳያስቀይም፤ ልክ እንደ ሠሪዋ። ናኖን በጥንቃቄ የሚሞክሩ ስንት ሰዎች አሉ፣ እነሱን አልነካም። የኛዋ ግን ያን ቀን የጻፈችበትን ደብተር መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። አምስት ዓመት! ሌላው ሰው ምሥጢር አንድ ሳምንት ይዞ ያመልጠዋል። እንዲህ ያለ ታማኝ ከየት ይገኛል?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ጎረቤቷ ደጇ ድረስ መጥታ፣ "ለዶሮዎቼ ከዚያ መድኃኒትሽ ስጪኝ" አለቻት። "አይሠራም" ማለት አንድ ቃል ነው። አንድ! ያቺ ስንት ጉባኤ ላይ የተናገረች ሴት፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ሁለት ሊትር በቢጫ ጀሪካን ቀድታ ሰጠቻት። ሰው ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነዋ...

ምነው ቀመሪያ፣ ቢጫዋን ጀሪካን ምን ታይያታለሽ? እኔንስ እንዲህ ምን ታይኛለሽ? የማውቃት ሴት ናት አልኩሽ እኮ። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የማውቃት። ዛሬ ጠዋት እንኳን መስታወት ፊት ፀጉሯን ስታበጥር አግኝቻት ነበር፤ ዓይኔን ማየት አቃታት።

ጀሪካኗን ስጪኝ፣ እኔ ይዣት እሄዳለሁ። አንቺ ተነሺና ለኡበይደላ በሩን ክፈቺለት። እያንዳንዷ ዶሮ ክትባቱን በዓይኗ አንድ ጠብታ ትውሰድ። ዶሮዎቹን እኔ እይዝለታለሁ። መያዝ አያቅተኝም፤ ያቃተኝ መልቀቅ ነበር።

አንቺንም ዶሮዎችሽንም አላህ ይጠብቅልኝ። ለዚያች ሴትም ቢሆን ምርቃት አልነፍጋትም። ዕድሜና ጤና ይስጣት። እንደ አንቺ ያለ፣ የሰጠችውን ሁሉ ሳይጠይቅ የሚቀበላት፣ ያለችውን ሁሉ የሚያምናት ጎረቤት በሄደችበት አይጥፋባት።

አሜን በይላት እንጂ፣ ቀመሪያ...