የወንጂው መንገድ ፈረስ

ለተማሪዎቼ ሥነ ምግባርን ሳስረዳ ሁለት ጥያቄ አስጽፋቸዋለሁ፤ አንደኛው «እኔ ምን አደረግሁ?» ሁለተኛው «በሌላው ላይ ምን ደረሰ?» የሚል ነው። ትናንት ከወንጂ ወደ ናዝሬት ስመለስ፣ በውይይት ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ባለጋሪና አንዲት አሮጊት ስለዚሁ ያወሩ ነበር።

«ፈረስህስ?» አሉት አሮጊቷ።

«እግሩ ተሰበረ፣ እማማ። መንገድ ዳር ሣር ያለበት ለቀቅኩት።»

«ለጅብ?»

«ምን ላድርግ? የከብት ሐኪሙ በመርፌ ልግደለው ቢለኝ እምቢ አልኩ። ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው።»

«ጅብ ከነነፍሱ ሲበላውስ ኃጢአቱ የጅቡ ነው?»

«ጓድ ፈረስ ጡረታ ወጣ በሉኛ!» ብሎ ሹፌሩ ሳቀ።

ባለጋሪው አልሳቀም።

«ስምንት ዓመት ልጆቼን ያበላልኝ እሱ ነው። እጄን አላነሳሁበትም፤ ዋቃ ያውቃል።»

«ስትለየው ዝም አለህ?»

«በሦስት እግሩ እያነከሰ ተከተለኝ።»

«አንተስ?»

«በድንጋይ መለስኩት።»

«ድንጋዩን ታዲያ ማን ወረወረው፣ ልጄ?»

ባለጋሪው በመስኮቱ ወደ መጣንበት መንገድ ዞረና፣

«ሐኪሙ ከወንጂ ሄዶ ይሆን?» አለ።

«ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«መርፌውን ሲወጋው ማየት አልችልም፣ እማማ።»

«አንተ አንገቱን እቀፈው፤ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ሹፌር፣ ወራጅ አለ!»

ሁለቱ ከወረዱ በኋላ ፊት ለፊቴ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ፤ እኔ ግን የፈረሱን እግር እያሰብኩ ናዝሬት እስክንደርስ ድረስ እግሬን አልዘረጋሁም።