የሚገዛውን ቤት ያጣጣለው ሰው

ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር ወደ ዓዲ ሓቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ጓደኛሞች ስለ ቤት ያወራሉ። አንደኛው ሊገዛ ፈልጎ ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቷል፤ ሻጯ፣ አደይ ለተ የሚባሉ እናት፣ አልተቀበሉትም።

«አደይ ለተ ተቆጡ እንዴ?»

«አልተቆጡም። ‹ልጄ፣ በዚህስ አልሸጠውም› አሉኝ።»

«አሳንሰህባቸው ነዋ።»

«እንዲቀንሱልኝ ብዬ ቤቱን ሳጣጥል ዋልኩ። ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ጣሪያው ያፈሳል አልኳቸው።»

«እውነት ያፈሳል?»

«ኧረ ደህና ቤት ነው። ሚስቴ መጋረጃ ሁሉ መርጣለች።»

«ታዲያ ጨምርላቸው።»

«ይደውሉልኛል ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ዝም ሲሉኝ ትናንት ልጨምር ሄድኩ። ግንበኛ አስገብተዋል።»

«ለምን?»

«‹አንተ ባትነግረኝ ሰው ላይ ይወድቅ ነበር› ብለው መረቁኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«አሜን አልኩ።»

«ግድግዳው ደህና ነው አላልክም?»

«ግንበኛው ፈልጎ ስንጥቅ አገኘ።»

«ዋእ። ጣሪያውስ?»

«አዲስ ቆርቆሮ ተመቷል።»

«ዋጋውስ?»

«የግንበኛውም የቆርቆሮውም ተጨምሮበታል። እኔ ልጨምር ያሰብኩት ለቆርቆሮው እንኳን አይበቃም።»

«ለሚስትህ ነገርካት?»

«መጋረጃውን ልታሰፋ ሰጥታለች።»

ገዢው ወደ ጓደኛው ጠጋ አለ።

«ነገ ተመልሼ ልሄድ ነው። ውሃ አይደርስም ልላቸው አስቤያለሁ።»

«ተው ሓወይ። ሮቶ ያሰቅሉና የሱም ይጨመርብሃል።»

ቤቴ ስገባ ቀዳዳ እንዳላገኝ ብዬ ወደ ጣሪያው ቀና አላልኩም።