በሚጢጢ ስም ስለተላከው የስልክ መልእክት

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ላይ እንደሰፈረው
ዕድሜ፦ አሥራ ሰባት
ሥራ፦ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ከደም ባንኩ ጀርባ፣ ከእናቱ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እናቱ በተገኙበት

እኔ አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በመልእክቱ ላይ ስሟ የተጻፈው ሚጢጢ ታላቅ እህቴ ናት። በር ላይ ጎንበስ ካላለች የማታልፍ ረጅም ስለነበረች ሰው በቀልድ ያወጣላት ስም ነው። የደም ባንኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ደም ከሰጡ ሦስት ወር የሞላቸውን ለጋሾች በስልክ መልእክት የሚጠራውን የድረ ገጽ ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት። ባለፈው ክረምት በድንገተኛ ሕመም አረፈች።

ፕሮግራሙ የነበረው በዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ከታጠፉ አንሶላዎች አጠገብ በተቀመጠ አሮጌ ሰርቨር ላይ ነው። እህቴ ካረፈች በኋላ ሰርቨሩ መልእክት መላኩን አቆመ፤ ለጋሾችም ቀሩ። የባንኩ ኃላፊ፣ ፕሮግራሙ በኢንተርኔት ወደሚሠራ አዲስ የክላውድ ሰርቨር መዛወር ካልቻለ እንደሚጣል ነገረችን። አዲሱ ቴክኒሻን «የእህትህን ፕሮግራም መግቢያውን እንኳ አጣሁት፤ እባክህ ድረስልኝ» አለኝ። ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ስለተማርኩ፣ በኃላፊዋ ፈቃድ ከትምህርት ቤት መልስ አብሬው ሠራሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መረጃውን ወደ አዲሱ ሰርቨር ገለበጥን። ቴክኒሻኑ «መልእክት መላኪያውን ዘግተኸዋል አይደል?» ሲለኝ «ዘግቼዋለሁ» አልኩት። አልዋሸሁም። የዘጋሁት ግን አሮጌው ላይ ነው፤ ያውም ከገለበጥን በኋላ። ወደ አዲሱ የሄደው ግልባጭ ሳይዘጋ የተወሰደ ነበር። ለሙከራ ስናስነሳው ከክረምት ጀምሮ የተጠራቀመው መልእክት በሙሉ በአንዴ ወጣ። «ሚጢጢ ነኝ። ሦስት ወርዎ ሞልቷል፤ ብቅ ይበሉ» ይላል። ቴክኒሻኑ ራሱን ይዞ «በቃ፣ አለቀልን» አለ።

መልእክቱ ከደረሳቸው ለጋሾች አንዱ የሆኑት አመልካቹ የታክሲ ሹፌር የእህቴ ቀብር ላይ ነበሩ። በሟች ስም የሚያጭበረብር ሰው አለ ብለው ለፖሊስ ካመለከቱ በኋላ ረቡዕ ጠዋት ወደ ደም ባንኩ መጡ። እኔና እናቴም ይቅርታ ለመጠየቅ እዚያ ነበርን። «በሞተ ሰው አፍ የምታወራው አንተ ነህ?» ብለው ጮኹብኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። «እኔ እኮ መኪናዬን ዳር አቁሜ ነው ያለቀስኩት፣ አንተ ልጅ!» አሉኝ። ከዚያ ነርሷን አይተው «እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከኋላቸው ኮሪደሩ መልእክቱ በደረሳቸው ሰዎች ሞልቶ ነበር። እናቴም ወረፋ ያዘች። «እማዬ፣ ይቅርብሽ» ስላት «ልጄ ጠርታኝማ አልቀርም» አለች።

ሹፌሩ ክንዳቸው ላይ ጥጥ ይዘው ሲወጡ «አቤቱታዬን አነሳለሁ። ብቻ ከላይ ሆና የምትጠራኝ አታስመስሉት፤ ልቤ አይችልም» ብለው ኮሪደሩን በሙሉ አሳቁ። በዚያው ቀን «ሚጢጢ ነኝ» የሚለውን አንስተን፣ ከግርጌው «ፕሮግራሙን የሠራችው ሚጢጢ ናት» ብለን ጻፍን።

አዲሱ ሰርቨር ፖሊስ ማጣራቱን እስኪጨርስ ተዘግቷል። የጠፋ መረጃም ሆነ የተጎዳ ሰው ስለሌለ እንዲከፈት እጠይቃለሁ። ቴክኒሻኑ አሮጌውን ማን እንደሚያጠፋው ሲጠይቀኝ «ለጊዜው ይቆይ» አልኩት። እህቴ ስትሠራ የሰርቨሩን ማራገቢያ ድምፅ እየሰማሁ የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያው ስለነበር እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። አሁን ግን የሠራችው ሁሉ ከዚያ በደህና ወጥቷል። አዲሱ እንደተከፈተ አሮጌውን የማጠፋው እኔ ነኝ።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ የተናገርኩት እንደሆነ አረጋግጫለሁ። ያልሆነ ነገር አልጨመርኩበትም፤ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የእናት ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________