መምህሩ ፊት የተቀመጠው እትም

ጋሽ ፒዮ፣ ዛሬ በስንብትዎ ቀን እንኳን ሳያርሙኝ ይስሙኝ።

እኚህ ሰውዬ መጀመሪያ ቢሯችን የገቡ ዕለት ፀጉራቸውን አሳጥረው፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። ያኔ ሴኡል ውስጥ እንዲያ ሆኖ የፖለቲካ መጽሔት ቢሮ የሚመጣው ሰላይ ነው። እኔ ደንግጬ ርእሰ አንቀጹን የጎመን ኪምቺ ማሰሮው ውስጥ ከተትኩት። መሥራቻችን መምህር ናምጉንግ ግን ቀና ብለው አዩዋቸውና፣ "ሰላይ እንዲህ አይንቀጠቀጥም፤ ሾርባ ስጡት" አሉ። ርእሰ አንቀጹ ማተሚያ ቤት የገባው ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ፒዮ መምህርን አመለኳቸው፤ መምህር ካረፉ በኋላማ ባሰባቸው። ጽሑፍ ስናቀርብ፣ "መምህር ይህን አያሳልፉትም ነበር።" ምሳ ስንመርጥ፣ "መምህር ቀዝቃዛ ኑድል አይወዱም ነበር።" ይኸው በበጋ ሙቀትም ትኩስ እንበላለን።

"መምህር እኮ ሞተዋል" ብላቸው፣ "የሞቱት ላንቺ ነው" አሉኝ።

በየሙት ዓመታቸው ሩዝና ፍራፍሬ አቅርበን፣ አዲሱን እትም ፎቶግራፋቸው ፊት አኑረን እንሰግዳለን። ዘንድሮ ከዚያ ቀደም ብሎ ወይዘሮ ታክ መጡ። ወንድማቸው ጁንግቼል መጽሔቱን በድብቅ ሲያትምልን ተይዞ እስር ቤት የሞተው ነው።

"ስሙን ለፖሊስ የሰጡት መምህራችሁ ናቸው" አሉ። "ሊሞቱ ሲሉ ራሳቸው ነግረውኛል።"

ጋሽ ፒዮ ጮኸው አስወጧቸው። ግን አላስችላቸው አለ፤ ከመምህር ጋር የታሰረውን ሰው ፈልገው ጠየቁት። መምህር ስሙን የሰጡት ድብደባው ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነበር።

በሙት ዓመቱ እትም አወጡት። ፎቶግራፉ ፊት አኑረውት ሰገዱና፣ "መምህሬ፣ ያስተማሩኝን ነው ያደረግኩት" አሉ። ደግፌ አነሳኋቸው።

አንባቢ ሸሸን። የመጽሔቱ ባለቤቶች ጋሽ ፒዮን "በቃ፣ ጡረታ ይውጡ" አሏቸው። ዛሬ እነዚህ ወንበሮች ለምን ባዶ እንደሆኑ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመምህር ልጆችም በሩን ዘግተውባቸዋል።

ጋሽ ፒዮ፣ አመሰግንዎታለሁ። እንደ አባት የሚወዱትን ሰው ጥፋት በገዛ እጅ ማተም ምን ያህል እንደሚያም አይቻለሁ። እኔ አላደርገውም ነበር።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ጋሽ ፒዮ፣ ለራስ መቅዳት ነውር ነው፤ እጅዎን ይሰብስቡ። ወይዘሮ ታክ፣ ከኋላ ተደብቀው አይቀመጡ፤ ይምጡና እርስዎ ይቅዱላቸው።

ጤና ይስጥዎት፤ የሰላም እንቅልፍ ይስጥዎት። ለጋሽ ፒዮ፣ ማንም ጽዋ ላላነሳለት ለጁንግቼልም።